የማንቆርቆሪያዋ ብጉር

ጥቅምት 4፣ ሰኞ።

ጠዋት የገባ፦ ከፋብሪካ ሦስት ካርቶን፣ በእያንዳንዱ አሥራ ሁለት ማንቆርቆሪያ፤ ድምር ሠላሳ ስድስት። የተሰበረ የለም። የተሞረደ፦ ሠላሳ ስድስቱም። የሄደበት፦ የሆስፒታሉ ሻይ ክፍል። ሌላ የወጣ፦ ባልዲ አምስት፣ መጥበሻ ሁለት፣ የሻይ ማጥለያ አንድ ደርዘን።

ሞረዱ ደንዟል። አንዱን እጀታ ለማለስለስ ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ አሁን አራት ይፈጃል። ከእጀታዋ ሥር ያለችው ብጉር ከፋብሪካው እንድትነሳ እኔ ጽፌ ሰባት ነጋዴዎች የፈረምንበት ማመልከቻ ለፋብሪካው ከሄደ አራት ወር ሆነው። መልስ የለም።

ለወንድሜ ዛሬ የጻፍኩት ከዚህ በታች አለ። የምልከውን እገለብጣለሁ፣ የሚመጣውን እለጥፋለሁ። ሰው የጻፈውን ይረሳል፤ መዝገብ አይረሳም።

*

ለምንዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሳምንት አለፈው። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ዕቃ የሚገባበት ሳምንት ነበር።

በስልክ አይቀልም ወይ ላልከው፣ አይቀልም። በስልክ ሁለታችንም እኩል እናወራለን፣ የሚሰማ ይጠፋል። ባለፈው የተጣላን ጊዜ እማዬ የፈረደችውን አትርሳ፦ «ተጻጻፉ፤ ቢያንስ አንዳችሁ ስትጽፉ ሌላችሁ ዝም ትላላችሁ።» ፍርዱ ጸንቷል።

ስለ ማንቆርቆሪያ ዘጋቢ ፊልም ልትሠራ ፋብሪካው ድረስ መሄድህን ለጎረቤቴ ለባለ መስታወቱ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ «መጨረሻዋ ምን ይሆናል? ትፈላለች?» አለኝ። አልሳቅኩም ብልህ ውሸት ነው።

ለጠየቅከኝ ግን የምር ልመልስልህ። ያቺን ማንቆርቆሪያ የሠራት ሰው ሞኝ አይደለም። ስትቀዳ አፏ አያንጠባጥብም፤ ጠረጴዛ ሳይረጥብ ሻይ ይቀዳል። ስትዘነብል ክዳኗ አይወድቅም። እሳት ላይ ቆይታ እጀታዋ አይግልም። እጀታው በሁለት ብሎን ብቻ የታሰረ ስለሆነ ቢሰበር እሱ ብቻ ይቀየራል እንጂ ዕቃው አይጣልም። ይህን ሁሉ ደንበኛ አይነግረኝም፤ የማውቀው መልሶ የሚያመጣት ሰው ስለሌለ ነው።

ነቀፋ ካልከኝ አንድ አለ። ከእጀታው ሥር፣ ወደ ፊት በኩል፣ አተር የምታህል ጉብታ አለች። ገበያው ሁሉ «ብጉር» ይላታል። ደንበኛ ዳሰስ ያደርግና፣ «ይሄ የፋብሪካ ትራፊ ነው፣ ደህናውን ስጪኝ» ይላል። ሌላ ባወርድለት ያው ነው። እና ምን ታደርጊያለሽ ላልከኝ፣ ነጋዴ መላ አያጣም።

እማዬ ከደብዳቤው ግርጌ በራሷ እጅ እንደወትሮዋ ለምን አልጻፈችም ብለሃል። እጇ ትንሽ ደከም ብሏታል። ዕድሜ ነው። ሰላምታዋን በእኔ ብዕር ተቀበል። በወጉ እየበላ ነው ወይ ብላለች።

እህትህ

*

ስለ እማዬ ጣት አልጻፍኩም። ሩቅ ያለ ሰው ተጨንቆ የሚያድነው ነገር የለም። ፍል ውኃ ወደ ፔርሙዝ ስትገለብጥ የቀኝ አመልካች ጣቷ በእንፋሎት ከተቃጠለ ሦስት ሳምንት አልፏል። ቁስሉ እየደረቀ ነው። እሷ ግን «እጄ ከዳኝ፣ አረጀሁ» ብላ ከዚያ ወዲህ ማንቆርቆሪያ አትነካም። ሻይ የምቀዳው እኔ ነኝ። ቤቷ ውስጥ እንግዳ ሆና ትቀመጣለች።

*

ጥቅምት 14

እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ጤናዬ ደህና ነው፣ እበላለሁም። ክፍሌ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ነው። መስኮቱን ስከፍት የፕላስቲክ ሽታ ይገባል፣ ስዘጋው የራሴ ካልሲ አለ፤ እያፈራረቅኩ እኖራለሁ። ለባለ መስታወቱ ጥያቄውን እንደያዝኩለት ንገሪልኝ።

ሞኝ አይደለም ስላልሽው ሰው ልንገርሽ፤ ማንቆርቆሪያዋን የነደፉት ዲዛይነር ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለይ ሰው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ዝም» ይላቸዋል፤ በፊታቸውም ይላቸዋል፣ አይቆጡም። ክፍላቸው ከመጋዘኑ ጀርባ ነው፦ አንድ ጠባብ ጠረጴዛ፣ እንጨት የሚያስሩበት ጉጠት፣ የእርሳስ ቁራጭ የሞላበት ጣሳ፣ ከወንበሩ ሥር የተሸጎጠ የጫማ ካርቶን። ማንቆርቆሪያውን፣ በርጩማውን፣ ባልዲውን፣ አንቺ ሱቅ ውስጥ ያለውን ግማሹን ዕቃ ያሰቡት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድም ዕቃ ላይ ስማቸው የለም።

ካሜራ ፊት አስቀምጬ ጠየቅኳቸው።

«ጋሽዬ፣ ይቺን ጉብታ ለምን እዚህ አደረጓት?»

«ሌላ ቦታ አትሆንማ።»

«ለምን አትሆንም?»

«ሞክሬያታለሁ።»

ሃያ ደቂቃ ቀርጬ የያዝኩት ይሄንኑ ነው። ለቀረው ጊዜ እሳቸው እኔን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ፣ ባትሪው ያልቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ኅዳር 30 ያቺ ጉብታ ትጠፋለች። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ አለ፣ ሞልድ ይሉታል፤ በዚያ ውስጥ ለጉብታዋ የተቦረቦረውን ጉድጓድ በብየዳ ሊደፍኑት ነው። አንዴ ከተደፈነ ያበቃል። ምክንያቱ ሰባት ነጋዴዎች የጻፉት ማመልከቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ አሳይተውኛል። በጥሩ እጅ የተጻፈ፣ ነገሩን በአራት መስመር የጨረሰ ማመልከቻ ነው።

ጋሽ ዝም አንብበው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም። «ምክንያት ካለዎት ይጻፉልኝና እተወዋለሁ» ብለዋቸዋል። አልጻፉም። እኚህ ሰው ወረቀት ላይ መስመር እንጂ ቃል ማስቀመጥ አይችሉበትም። እኔም ገብቼ፣ «ምክንያታቸውን በፊልም ባሳይዎትስ?» አልኳቸው። «ከቀኑ በፊት ከደረሰ አያለሁ» አሉ። ተስማማን። እስካሁን በእጄ ያለው ምክንያት ግን «ሞክሬያታለሁ» ብቻ ነው።

ወረቀቱን ገልብጪና ከጀርባው በእርሳስ የጻፍኩትን እዪው።

ወንድምሽ

*

ጥቅምት 22፣ ዓርብ።

ጠዋት የወጣ፦ ማንቆርቆሪያ አራት፣ በርጩማ ሦስት፣ ጎድጓዳ ሳህን ሃያ። የተሞረደ፦ አራት። አዲስ ሞረድ ተገዝቷል።

ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈውን አየሁት። ሁለት ቀን መልስ ሳልጽፍ ቆየሁ።

*

ለምንዬ፣

ደብዳቤህ በጊዜው ደርሷል፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በለኝ።

ከጀርባው በእርሳስ፣ ከአመልካቾቹ የማውቀው አለ ወይ ላልከው፣ በዚህ ገበያ የማላውቀው ሰው የለም። ክፉ አስበው አይደለም የጻፉት። አንድ ነገር ልብ በል፦ እኛ ዕቃን አናብራራም፣ እንሸጣለን። ደንበኛ ባንኮኒው ጋ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ጣቱ ያልገባው ነገር ላይ ካረፈ ጉድለት ነው ይላል፣ እንከን አለብሽ ብሎኝ ይሄዳል። የሚያስረዳለት ሰው የሚያስፈልገው ዕቃ መደርደሪያ ላይ ያረጃል። ይህንንም ለጋሽ ዝም ንገራቸው፤ ከክብር ጋር።

አሁን ስለ ሥራህ ልናገርና ተቆጣ። ጥያቄ ታበዛለህ። ለምንዬ የተባልከው በከንቱ አይደለም፤ አራት ዓመት ሳይሞላህ «ለምን ጨው ጨው ይላል?» እያልክ ስታደክመን ነው። እኔ ደንበኛን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብዬ አልጠይቅም። ብጠይቃት የምትነግረኝ ጎረቤቷ የገዛችውን ነው። ዝም ብዬ እጇን አያለሁ። ቀዩን ባልዲ እያደነቀች እጇ ሰማያዊው ላይ ካረፈ፣ የማወርድላት ሰማያዊውን ነው። አፍ ያስመስላል፣ እጅ አይችልበትም። ሰውየው ካልተናገሩ ካሜራህን ከፊታቸው አንሳና እጅ ላይ አድርገው። የእሳቸውም፣ ዕቃውን የሚይዘውም ሰው። ከዚያ አፍህን ዝጋ። አንተን ይከብድሃል፣ አውቃለሁ።

እማዬ ደህና ናት። ለምን የእሷ ጽሕፈት እንደቀረም እዚያው በእርሳስ ደግመህ ጠይቀሃል፤ የኔም መልስ ያው ነው።

እህትህ

*

ኅዳር 5

እትዬ፣

አፌን ዘጋሁ። ዘጠኝ ቀን! እማዬ ብትሰማ አታምንም።

ምክርሽ የደረሰኝ ዕለት ወደ ጋሽ ዝም ክፍል ሄድኩና ካሜራውን ወንበራቸው ፊት ሳይሆን ጠረጴዛቸው ላይ፣ ወደ እጃቸው አዙሬ አስቀመጥኩት። «ዛሬ ጥያቄ የለም» አልኳቸው። እፎይ አሉ፤ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት። ለሁለት ቀን ረሱኝ። በሦስተኛው ቀን፣ ምንም ሳልላቸው፣ ጎንበስ አሉና ያንን የጫማ ካርቶን ከወንበሩ ሥር ጎትተው አወጡት።

በውስጡ ያለውን አልነግርሽም። ይኸው በፍላሽ ልኬልሻለሁ፣ ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው። ከቀረጽኩት ሁሉ የኔ ድምፅ የሚሰማበት አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረው።

ለሥራ አስኪያጁ ከማሳየቴ በፊት አንቺ እንድታዪው እፈልጋለሁ። ምክንያቱን አትጠይቂኝ። ካንቺ ነው የተማርኩት፤ አልጠይቅም አልጠየቅም። ከእማዬ ጋር እዪው። ከዚያ የመሰለሽን ጻፊልኝ፤ ምንም ይሁን።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 12፣ ሐሙስ።

ጠዋት የወጣ፦ ማንቆርቆሪያ ሁለት፣ ባልዲ አንድ። የተሞረደ፦ ሁለት። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ተዘግቷል።

ፊልሙን በባለ መስታወቱ ቴሌቪዥን፣ በሱቁ ጓዳ፣ እማዬ፣ እሱና እኔ አየን። ምን እንደምጽፍ እስካውቅ ደብዳቤው ይቆይ። ነገ ስድስቱን ፈራሚዎች አንድ በአንድ አነጋግራለሁ።

*

ኅዳር 14

ወንድሜ፣

በዚህ ደብዳቤ ሰላምታውን አሳጥረዋለሁ። መጀመሪያ ስለ ፊልሙ፣ ከዚያ ስለ ራሴ።

ካርቶኑ ሲከፈት ጫማ የጠበቅኩ እኔ ብቻ አልነበርኩም። አርባ እጀታ! ሁሉም ከእንጨት የተቀረጸ፣ በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ቁጥር ያለበት። ሰውየው ምንም ሳይሉ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጧቸው ባለ መስታወቱ፣ «አርባውንም ሊያሳየን ነው እንዴ?» አለ። እስከ አምስተኛው አጉረመረመ። ከስድስተኛው በኋላ ወንበሩን አስጠጋ።

አንደኛው ተራ ዱላ ነው። ሰባተኛው መሐሉ ወፈር አለ። አሥራ ሁለተኛው ላይ አራት የጣት ማስገቢያ ሲወጣ፣ «ይኼ ነው! እኔ ይሄንን ነበር የምሸጠው» አልኩ ጮክ ብዬ። ወዲያው አንተ የአንድ ወዛደር ሰፊ መዳፍ ያንኑ እጀታ ሲይዝ አሳየኸን፣ ቀጥለህ የአንዲት ትንሽ ሴት እጅ። ለአንዱ የተሠራው ለሌላው ጠበበ። አፌን ያዝኩ። ሃያ ስድስተኛው ከፊት እንደ ግድግዳ ያለ መከለያ አለው፤ ደኅና ነው ስል ክዳኑ እየገጨው አልከፈት አለ። ከሠላሳ አንደኛው ጀምሮ ጉብታዋ መጣች። መጀመሪያ ባቄላ ታህላለች። ከዚያ ታንሳለች። ከዚያ ቦታዋን ትለውጣለች፤ የስንዴ ፍሬ ያህል ወደ ፊት፣ የስንዴ ፍሬ ያህል ወደ ኋላ። አርባኛው ላይ ቆመች።

ሰው ሲያስብ ይታያል ብሎ የሚነግረኝ ቢኖር ባላመንኩ። እኔ ግን አየሁት። እኚያ ሰው አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ምን እንደፈለጉ፣ የት እንደተሳሳቱ፣ ለማን እንደተጨነቁ፣ ሁሉንም ሰማሁ። በገበያ ዕቃ ስቆጥር ኖርኩ እንጂ አንድ ዕቃ ዕቃ እስኪሆን ስንት ጊዜ ሳይሆን እንደሚቀር አስቤ አላውቅም ነበር። አንተም ደግሞ፣ ወንድሜ፣ ሥራህ ምን እንደሆነ ዛሬ ነው የገባኝ። እስከ ዛሬ ለሰው «ሰርግ ይቀርጻል» እያልኩ ነበር የምናገረው፤ ይቅርታህን።

ከዚያ የፋብሪካው ሻይ አፍይ መጣች። በሳሙና የረጠበ እጇን ሳትጠርግ ማንቆርቆሪያውን ስታነሳ፣ አንተ አዘገየኸው። አመልካች ጣቷ ከእጀታው ሥር እየዳበሰ ሄደና ብጉሯን አገኘ፤ ካገኘ በኋላ ነው ያዘነበለችው። ስታዘነብል እጇ ትንሽ ተንሸራተተ፣ ጉብታዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከጉብታዋ አንድ ጣት ያህል እልፍ ብሎ እንፋሎቱ በክዳኑ ጠርዝ ፏ ብሎ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ቀዳች፣ ሦስቴም ጣቷ መጀመሪያ ፈለጋት። አንተም በዚያች አንድ ድምፅህ፣ «ጣትሽን ለምን እዚያ አደረግሽው?» ስትላት፣ ዞር ብላ፣ «የት?» አለችህ። አታውቀውም! ጣቷ እንጂ እሷ አታውቀውም።

እማዬ፣ «እስቲ መልሽው» አለች። መለስኩት። «እስቲ እንደገና።» ሦስተኛ ጊዜ ሲያልቅ የቀኝ እጇን አነሳችና በባዶ አየር ላይ አመልካች ጣቷን እጥፍ አደረገች።

«ጣቴ ፈልጎ ያጣው ይሄንን ነው» አለች። ቀጥላም፣ «እኔ እኮ አረጀሁ ብዬ ነበር» አለች።

እንግዲህ የደበቅኩህን ልንገርህ። እማዬ ያልጻፈችልህ ጣቷ ተቃጥሎ ስለነበረ ነው። አሁን ድኗል፣ አትደንግጥ። የተቃጠለችው ብጉር የነበራት አሮጌዋ ካለቀችባት በኋላ ከሱቄ በወሰደችው ማንቆርቆሪያ ነው። ከሱቄ የሚወጣውን ማንቆርቆሪያ ሁሉ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ብጉሯን በሞረድ አንስቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ነው የምሸጠው። የእሷንም እንደዚያው አድርጌ ሰጠኋት፤ ለእናቴ ነው ብዬ ከሌላው ይልቅ አለሰለስኩት። ማመልከቻውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ስድስቱን አሳምኜ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። በእርሳስ ለጠየቅከኝ መልሱ ይኸው።

ለእማዬ ያኔውኑ፣ እዚያው ቴሌቪዥኑ ፊት ነገርኳት። ባለ መስታወቱ ወጥቶ ሊሄድ ተነሳ። «ተቀመጥ፣ አንተም ፈርመሃል» አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞራ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «እኔ አንዲት ጣት ነኝ። የሆስፒታሉ ሠላሳ ስድስቱስ?» አለችኝ።

ነጋዴነቴን ከማን እንደወረስኩ አሁን አወቅክ።

ከዚህ ጋር የላክኳቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ማመልከቻችንን መሳባችንን የሚገልጽ ወረቀት ነው። ስድስት ፊርማ አለው። ሰባተኛው፣ ባለ ምንጣፉ፣ «አንዴ የፈረምኩትን አልበላም» ብሎ እንቢ ብሏል፤ ፊልሙን ሳያይ ነው፣ እንዲያየው እየጎተትኩት ነው። ባለ መስታወቱ ግን ያለ ክርክር ፈረመ። ብዕሩን ሲመልስልኝ ቀስ ብሎ፣ «ፈላች» አለኝ። ለጥያቄው መልስ ማግኘቱን እንድነግርህ ነው።

ሁለተኛው የእማዬ ማንቆርቆሪያ እጀታ ነው፤ ፈትቼ ልኬዋለሁ። የሞረድኩት እኔ መሆኔን ለጋሽ ዝም ንገራቸው፤ ይቅርታዬንም አድርስልኝ። የሚሉኝን ሳትቀንስ ጻፍልኝ። ሠላሳ ስድስት አዲስ እጀታ ለብቻው የሚሸጥልኝ እንዳለም ጠይቅልኝ።

እህትህ

*

ኅዳር 20

እትዬ፣

ሁሉም ደረሰ። በመጀመሪያ የእማዬን ጣት ሳሚልኝ።

አላወቅክም ነበር ወይ ብለሽ ለምትጠይቂኝ ጥያቄ አስቀድሜ ልመልስ፤ አውቅ ነበር። ማመልከቻውን ሥራ አስኪያጁ ሲዘረጉልኝ፣ ፊርማው ጋ ሳልደርስ፣ ከመጀመሪያው ፊደል አወቅኩት። እትዬ፣ ፊደል ያስቆጠርሽኝ እኮ በዚያ ጽሕፈት ነው። ዝም ያልኩት ላጋልጥሽ ፈርቼ ብቻ አይደለም። ብነግርሽ ትከራከሪኝ ነበር፣ በክርክር ደግሞ አሸንፌሽ አላውቅም። ስለዚህ የራስሽን ምክር ባንቺው ላይ ሠራሁበት፤ አፌን ዘግቼ እጅሽ የት እንደሚያርፍ ጠበቅኩ።

ፊልሙን ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ፣ በሻይ ክፍሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ አየው። ሻይ አፍይዋ ራሷን ስታይ፣ «ውይ፣ ይቺ ጣት ያለ ፈቃዴ ትሠራለች!» ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀች። ሥራ አስኪያጁ አልሳቁም። ሲያልቅ ከመቀመጫቸው ተነስተው አንድ ማንቆርቆሪያ አነሱና ለራሳቸው ሻይ ቀዱ፤ ቀስ ብለው፣ ጣታቸውን እያዩ። ዛሬ ጠዋት የናንተን ወረቀት ስሰጣቸው አነበቡትና ብየዳው ቀርቷል አሉ። ሞልዱ አይደፈንም።

አሁን ስለ ጋሽ ዝም። ሳትቀንስ ጻፍልኝ ብለሻል። የላክሽውን እጀታ ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ተመልሰው ሄዱበት። መስኮቱ ጋ ወስደው በብርሃን አዩት።

«ማነው የሞረደው?»

«እህቴ ናት፣ ጋሽዬ። እሷው ናት ያመለከተችውም።»

«እጅ አላት» አሉ። «አንድ ጭረት የለውም። የጉብታው ቦታ እንኳ አይታወቅም።»

ይቅርታ እንደጠየቅሽ ነገርኳቸው። እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱ። ከዚያ በሰባት ሳምንት ውስጥ ከተናገሩት ሁሉ የሚበልጠውን ተናገሩ፦ «ጥፋቱ የሷ አይደለም። ትራፊ የሚመስል ነገር ሠርቼ ሰው ቢያነሳው ምን ይደንቃል? አርባ ጊዜ ስሞክር ጣት ያገኛታል ወይ ብዬ ነው የለፋሁት። ዓይን ሲያያት ምን ይላል ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ነጋዴ ነው ለዓይን የሚያስብ። እሷን የመሰለ ሰው አጠገቤ ቢኖር ሠላሳውን እጀታ ባልቀረጽኩ ነበር።»

ካሜራው ጠፍቶ ነበር፣ እትዬ። ጠፍቶ! ባትሪውን ልሞላ ነቅዬው።

ወዲያው እንጨት ጉጠቱ ላይ አሰሩ። አርባ አንደኛው እየተቀረጸ ነው። ጉብታዋ ረዝማ፣ ከእጀታው ጎን እስከ ጎን የምትሄድ ቀጭን ሸንተረር ሆናለች። ባንኮኒው ጋ የቆመ ሰው ሲያያት ሆን ተብላ የተሠራች መሆኗ ይገባዋል። ሞልዱም መደፈን ሳይሆን ትንሽ መቦርቦር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሲጨርሱ መጀመሪያ የሚልኩት ላንቺ ነው፤ «ትሸጠዋለች ወይ? ካልሸጠችው አርባ ሁለተኛ አለ» ብለዋል።

ሠላሳ ስድስቱ እጀታ በአውቶቡስ ጭነት ተልኮልሻል። ከመጋዘን የቆጠሩት ራሳቸው ናቸው። አንድ ትርፍ አለው፤ የእማዬ ነው።

ወንድምሽ

*

ኅዳር 26፣ ሐሙስ።

ጠዋት የገባ፦ በአውቶቡስ ጭነት አንድ ካርቶን፣ እጀታ ሠላሳ ሰባት፣ ሁሉም ጉብታ ያለው። የወጣ፦ ማንቆርቆሪያ ሦስት፣ ባልዲ ሁለት፣ ሳህን ስምንት። የተሞረደ፦ የለም። ከሦስቱ ደንበኞች አንዷ «ይሄ ትራፊ ነው» አለች። ውኃ ሞልቼ ሰጠኋትና «ቅጂበት» አልኳት። ቀዳች፣ ወሰደችው።

ሞረዱ ለቁልፍ ሠሪው ተሰጥቷል። በሱቁ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ከዚህ ሱቅ የወጣ፣ እጀታው ለስላሳ የሆነ ማንቆርቆሪያ ያላችሁ አምጡ፣ ይቀየርላችኋል።» እስካሁን ዘጠኝ መጥቷል። ባለ ምንጣፉ ትናንት ፊልሙን አይቶ ፈርሟል፤ አሁን ወረቀቱ አያስፈልግም አልኩት፤ «ቢሆንም ይቀመጥ» ብሎ ተወልኝ።

የእማዬን እጀታ በምሳ ሰዓት አሰርኩላት። አፈላች። እኔን ተቀመጪ አለችኝ፣ ለባለ መስታወቱ አንድ፣ ለኔ አንድ፣ ለራሷ አንድ ቀዳች። ጠረጴዛው አልረጠበም። ለወንድሜ ዛሬ በምልከው ደብዳቤ ግርጌ ሁለት መስመር በራሷ እጅ ጽፋለች። ምን እንዳለችው አላሳየችኝም።

ነገ፦ የሆስፒታሉ ሻይ ክፍል፣ ጠዋት፣ ውኃ ሳይጣድ በፊት መድረስ። እጀታ ሠላሳ ስድስት። ብሎን ሰባ ሁለት። ካቻቢቴ አለመርሳት።